የአያቴን ቡና የለካን ጊዜ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተሰደደም የለበትም። አባቴና አጎቴ አንድ የቡና መሬት ተካፈሉ፣ እኔ ለካሁላቸው፣ ይኸው ነው። በእኛ አካባቢ በየዓመቱ ስንት ወንድማማች መሬት ይካፈላል፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይጽፈውም። ነገር ግን በዚያ ሥራ የረዱኝን ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር በደንብ አላመሰገንኳቸውም የሚል ስሜት ይመጣብኛል። ፊት ለፊት ማመስገን አይሆንልኝም፤ አንገቴን ደፍቼ እቀራለሁ። ስለዚህ ልጻፈው፤ የማይረባ ሆኖ ያገኘው አንባቢ ይለፈው።

ቤታችን ከሸኮ ከተማ በእግር የሚደረስበት ቀበሌ ውስጥ ነው። ቡናው ከቤታችን ጀርባ ካለው መንገድ ይጀምርና ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ያበቃል። የተከለው አያቴ ነው። ሲሞት ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ሳይከፍል እንዲሁ ተወላቸው። አባቴና ታላቅ ወንድሙ ለብዙ ዓመት አብረው መነጠሩት፣ አብረው ለቀሙት፣ የሸጡበትንም እኩል ተካፈሉ። ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ክረምት፣ እኔ የፈተና ውጤት በምጠብቅበት ጊዜ ነው። አጎቴ ልጆቹ እየደረሱ ስለሆነ ድርሻው እንዲለይለት ጠየቀ። አባቴም አልተቃወመም። የተጣሉት ግማሹ የት ላይ ነው በሚለው ነው።

መሬቱ መሐል አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። አባቴ፣ "ከዋንዛው በላይ ላንዳችን፣ ከዋንዛው በታች ላንዳችን ይሁን" አለ። አጎቴ፣ "የታቹ ይበልጣል" አለ። "እንኪያስ የታቹን አንተ ውሰደው" ቢለው ደግሞ፣ "ታዲያ ለምን ፈጥነህ ለቀቅህልኝ? የምታውቀው ነገር አለ ማለት ነው" ብሎ ጠረጠረ።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ መቀመጥ ጀመሩ። አጎቴ በሰው በኩል ላከ፤ የድንበር ተክል የሚተከለው በሰኔ ዝናብ ነው፣ እስከዚያ ካልተካፈልን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አለ። መልእክቱ የደረሰው አባቴ ዘንድ ነው። ለእኔ የነገረችኝ እናቴ ናት።

"መሬቱን ቢያጣ አይሞትም" አለችኝ። "ከወንድሙ ጋር ዳኛ ፊት ከቆመ ግን፣ እኔ የማውቀው ሰው ሆኖ አይመለስም።"

ዘንድሮ ቴፒ ባለው ግቢ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆንኩ። ከተሰጡን ትምህርቶች አንዱ የቅየሳ መግቢያ ነበር። አስተማሪያችን ከሰሜን የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ወደ ኳስ ሜዳው ወስደው ርዝመቱን በእርምጃ እንድንለካ አደረጉን። የሁላችንም መልስ ተለያየ። ከዚያ በሜትር እንድንለካ አደረጉን፤ ደስ አለን። ሁለተኛ ለኩበት ሲሉን ሜትሩም ሌላ መልስ ሰጠን። እርስ በርሳችን ተያየን።

"ቀያሽ ማለት የማይሳሳት ሰው አይደለም" አሉን። "ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።"

እኔ ከፊት ወንበር ነበር የምቀመጠው። ዘንግ ማን ይሸከም ሲባል ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣው እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኝ ነበር። ኮምፓስ ያስተማሩን ቀን የነገሩን ደግሞ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። በኮምፓሱ ቀዳዳ አሻግረሽ የተተከለውን ዘንግ ታያለሽ፤ መርፌዋ ወደ ሰሜን ስለምትቆም የመስመርሽን አቅጣጫ በዲግሪ ታነቢያለሽ። ከዚያ ዘንጉ ያለበት ድረስ ሄደሽ ወደ መጣሽበት መልሰሽ ታነቢያለሽ። የመሄጃውና የመመለሻው ንባብ የግማሽ ክብ ያህል፣ ማለትም መቶ ሰማንያ ዲግሪ መለያየት አለባቸው።

"ካልተለያዩ አንደኛው ዋሽቷል" አሉ።

"እንደ ድንበር ምስክር ነዋ" አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የማስበው ስለ ቡናው ነበር።

የመንፈቁ ፈተና ሲያልቅ ቢሯቸው ሄጄ ኮምፓስ፣ ሜትርና ዘንግ ለእረፍት እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"የአንዱ ወገን ልጅ ሆነሽ ትለኪያለሽ?"

"አጎቴ ከተስማሙ።"

"ዞረሽ ዞረሽ የመጨረሻው መስመር ከመጀመሪያው ነጥብ ጋር ባይገጥምልሽስ?"

"የወጣውን እነግራቸዋለሁ።"

"ሁለቱም ባሉበት" አሉኝ። "ለአንዱ ብቻ አንድም ቁጥር እንዳትነግሪ። ለአባትሽም ቢሆን።" ከዚያ ዕቃዎቹን በራሳቸው ስም ፈርመው አወጡልኝ። አንድ ነገር ቢጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ነበሩ። ያኔ፣ "እሺ" ብቻ ብዬ ወጣሁ።

ሸኮ ስደርስ ወደ ቤታችን ሳልገባ መጀመሪያ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ዘንጎቹን ሲያይ ከሩቅ ጀመረ።

"ኢንጂነሯ መጣች። አባትሽ ነው የላከሽ?"

"አባዬ መምጣቴንም አያውቅም። መጀመሪያ ወደ እርስዎ ነው የመጣሁት።"

ይህ ደስ አሰኘው፤ ደስ እንዳለው ላለማሳየት ዘንጉን ተቀብሎ ያገላብጠው ጀመር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ለሁለቱም በአንድ ላይ እንጂ ለየብቻ ምንም እንደማልናገር ጨመርኩለት።

"ወባ የያዘሽ ጊዜ ክሊኒክ ድረስ አዝሎ ያደረሰሽ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ብታታልይኝ ያ ወባ ይመለስብሽ።"

"እሺ" አልኩ። እንዲህ ተስማማን።

በማግስቱ አባቴና እኔ ቡናው ውስጥ ገባን። አጎቴ ከወንድሙ ጋር አብሮ መግባት ስላልፈለገ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከላይ ያየን ነበር። የካቲት ስለሆነ ቡናው እምቡጥ ይዟል። አባቴ ፊት ፊት እየሄደ መስመሩን የሚጋርደውን ሐረግና ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጥርልኛል፤ ዘንጉን ተክሎም ይመለሳል። የቡና ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ገጀራውን ወገቡ ላይ ይሰካውና ቅርንጫፉን በሁለት እጁ አጎብጦ፣ እኔ አንብቤ እስክጨርስ አጠገቤ ይቆማል። እምቡጥ የያዘ ቡና አይቆረጥም። ለአባቴ ይህ የሚነገር ነገር እንኳ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የእናቴን ጠረጴዛ ውጭ አውጥቼ መስመሮቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ አሰመርኳቸው። የመጨረሻው መስመር ከተነሳሁበት ነጥብ ላይ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ወረቀቱ ላይ የጣት ስፋት ያህል ነው፤ መሬት ላይ ግን ጎጆ ሊቀለስበት የሚችል ክፍተት ነው። ንባቦቹን ስመለከት በመንገዱና በወንዙ ዳር ያሉት የመሄጃና የመመለሻ ንባባቸው ደህና ይገጥማል። ጥቅጥቅ ያለው ቡና ውስጥ የተነበቡት ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እንዲህ ያለውን ክፍተት እዚህም እዚያም ቁጥር ነካክቶ መዝጋት ይቻላል። ማንም አያውቅም። ግን ግማሹ የት እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ወረቀት ነው፤ ክፍተቱ ለማን እንዳደላ እኔም አላውቅም። አባቴ መጥቶ፣ "እንዴት ሆነ?" ሲለኝ አጎቴ ባለበት እንደምናገር ነገርኩት።

"ለእኔ መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ይላል?"

"አስተማሪዬ ሁለታችሁም ባላችሁበት ብለዋል፣ አባዬ።"

አባቴ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ጫማውን አደረገ። ከክረምት ወዲህ የወንድሙን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም ነበር፤ በዚያ ከሰዓት ከኔ ኋላ ኋላ እየመጣ ረገጠው። ያ እርምጃ ምን ያህል እንደከበደው አሁን ሳስበው ነው የሚገባኝ።

"አልዘጋልኝም" አልኳቸው ሁለቱ ፊት ቆሜ።

"አልዘጋም ምን ማለት ነው?" አለ አጎቴ።

"ከመንገዱ ተነስቼ ዞሬ ስመለስ፣ ወረቀቱ ላይ መንገዱ ጋ አልደረስኩም።"

"ታዲያ የት ደረስሽ?"

"የጎረቤታችን ሙዝ ውስጥ።"

አጎቴ ትንሽ አሰበ። "እንግዲህ ለእሱም ድርሻ ስጪዋ።"

አባቴ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሊስቅ እንደሆነ ከትከሻው አወቅሁ።

"ስህተቱ ለማን አደላ?" አለ አጎቴ፣ አሁን ኮስተር ብሎ።

"ገና አላውቅም። ነገ ደግሜ እለካለሁ።"

"አላውቅም የሚል ለኪ አይቼ አላውቅም" አለ። "ነገ እኔም እገባለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ገባን። አባቴ ዘንጉን ይዞ ወደ ታች ወረደ፤ አጎቴ ከኔ ጋር ቀረ። ንባቦቹ የተጣሉበት ማዕዘን ላይ ቆሜ መርፌዋ እስክትረጋ ጠበቅሁ። አጎቴ ትዕግሥት አጣና፣ "እስቲ የምታዪውን ልይ" ብሎ ጎንበስ አለ። ረግታ የነበረችው መርፌ ተንቀሳቀሰች።

"አጎቴ፣ አንዴ ወደ ኋላ ይበሉ።"

ወደ ኋላ አለ። መርፌዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

"እስቲ ይጠጉ።"

ተጠጋ። መርፌዋ ዞረች።

"ምን ታስጨፍሪኛለሽ?"

"መርፌዋ ወደ እርስዎ ትዞራለች።"

"መሬቱ የማን እንደሆነ ታውቃለቻ" አለ አጎቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ታች ላለው እንዲሰማ።

"ምን አለ?" አለ አባቴ ከታች።

"መርፌዋ እኔን መረጠች እያለችህ ነው።"

አባቴ ዘንጉን ትቶ ዳገቱን ወጣ። አጎቴን ገለል አድርጎ በሌላው ጎን ቆመ፤ መርፌዋም ወደ እሱ ዞረች። "ይኸው" አለ። "አሁንስ?"

"ጉቦ ሰጥተሃታል።"

"አንተ ስንት ሰጥተሃት ነበር?"

ያኔ ነው የሁለቱንም ወገብ ያየሁት። አንዱም ገጀራ ታጥቋል፤ ሌላውም ታጥቋል። በእኛ አገር ያለ ገጀራ ቡና ውስጥ የሚገባ የለም፤ ገጀራውንም ቁጭ የሚያደርገው የለም። ትናንት አባቴ ቅርንጫፍ ባጎበጠልኝ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት ከኮምፓሱ በክንድ ርቀት ተንጠልጥሎ ነበር። ክፍት በሆነው በመንገዱና በወንዙ ዳር ግን ቅርንጫፍ ስለሌለ አጠገቤ አልቆመም። አስተማሪያችን ብረት መርፌዋን ያስታል ብለው ቁልፋችንንና ሞባይላችንን አስቀምጠን እንድንለካ አዘውን ነበር። ገጀራ አላሉም። የተለማመድነው ኳስ ሜዳ ላይ ነበራ።

ነገርኳቸው። ሁለቱም የየራሳቸውን ገጀራ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ። አጎቴ ዋንዛው ሥር እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። ከክረምት ወዲህ አብረው ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ገጀራዎቹ ዋንዛው ሥር ተቀመጡና ሥራው እንደገና ተጀመረ። ያለ ገጀራ ግን ሐረጉን በእጅ መሳብ ነበረብን፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ሰው አይበቃም። አንዱ ሐረግ ሲይዝ ሌላው ቅርንጫፍ ያጎብጣል። ሜትሩንም አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላ ጫፍ ያዙት።

"አጥብቀው።"

"ያላላኸው አንተ ነህ።"

"እኔ ዳገት ላይ ነኝ።"

"ሕፃን ሆነህም ዳገት ላይ ነኝ ትል ነበር።"

አጎቴ አንድ ነገር አልዋጥ አለው። በቁልቁለት ስንለካ ሜትሩን መሬት ላይ አናስተኛውም። ጫፉን ከፍ አድርገን ቀጥ እናደርገውና፣ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥለን ከሥሩ ያለውን ነጥብ እናመለክታለን።

"በአየር ላይ ለምን ይለካል? እኔ ቡና በአየር ላይ አልለቅምም።"

አስተማሪያችን ያስረዱን በሰሌዳ ላይ በሦስት ማዕዘን ነበር። ያንን እዚያ መናገር አልሆነልኝም። "አጎቴ፣ ካርታ መሬቱን የሚያየው ልክ እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ቁልቁል። ዳገቱ ቢረዝምም የሚያርፍበት ዝናብ ያው ነው" አልኩ።

አሰበበት። "እንኪያስ የምታካፍዪን ዝናቡን ነው" አለና ጫፉን ከፍ አደረገ።

ማምሻውን በእናቴ ጠረጴዛ ላይ መስመሩ ዞሮ የተነሳበት ነጥብ አጠገብ ደረሰ። ሙሉ በሙሉ አልገጠመም፤ መሬት ላይ ክንድ የምታህል ክፍተት ቀረች። ይህችንም ክፍተት ነገርኳቸው። እንዲህ ያለች ትንሽ ስህተት የምትፈቀድ መሆኗን፣ ለሁሉም መስመሮች በየድርሻቸው እንደምትከፋፈል አስረዳሁ።

"ለጎረቤቱ ሙዝ ስጪያት" አለ አባቴ።

ከዚያ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበትን መሬት ቅርጹን አይተውት አያውቁም። "ይሄ የኛ ነው?" አለ አጎቴ። "የተወጠረ ቆዳ አይመስልም?" መንገዱን፣ ወንዙን፣ ዋንዛውን በጣቱ ፈለገና አገኛቸው። አባቴም ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከዚያ ጣቱን መንገዱ ላይ አኑሮ፣ በዋንዛው በኩል አሳልፎ፣ ቁልቁል እስከ ወንዙ ጎተተው።

"ወደ ጎን ከምንቆርጠው እንዲህ ቢሆንስ?"

እንዲህ ከሆነ ከላይ ካለው ደረቅ መሬትም፣ ከታች ካለው ለምለምም ለሁለቱም ይደርሳል። አጎቴ የወንድሙን ጣት ተከትሎ በራሱ ጣት ያንኑ መንገድ ሄደበት።

"ዋንዛው ሥር ቆመን ይሄን ያህል ስንጨቃጨቅ ለምን አልታየንም?"

"ዋንዛው ሥር ሆኖማ ምን ይታያል። ቡና ነው የሚታየው።"

ለቤታችን የሚቀርበው ወገን ለአባቴ፣ ሌላው ለአጎቴ ተባለ። ወረቀቱን በትናንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍዬ በሁለቱም ወገን ያሉትን ቆጠርኩ። የአባቴ ጣት የሄደበት መስመር ለአባቴ ወገን አድልቶ ተገኘ። ሁለቱም እያዩኝ ነበር። "መስመሩ ወደ አባዬ ወገን ትንሽ መገፋት አለበት" አልኩ፤ መስመሩንም ገፋሁት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

"በቃ" አለ። "ወባው አይመለስብሽም።"

በተረፈው የእረፍት ጊዜ በመስመሩ ላይ ችካል ተከልን። ወደ ቴፒ ተመልሼ ዕቃዎቹን አንድም ሳይጎድል አስረከብኩ። አስተማሪዬ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የመርፌዋን ነገር ስነግራቸው ጥቂት ፈገግ አሉ። ከሚቀጥለው የመስክ ልምምድ በፊት ሰሌዳው ላይ ከኮምፓስ መራቅ ያለባቸውን ነገሮች ጻፉ፤ ቁልፍ፣ ሞባይል፣ ቀበቶ። በመጨረሻ "ገጀራ" ብለው ጨመሩ። ማን እንዳስተማራቸው አልተናገሩም። ወደ እኔ ግን አንድ ጊዜ አዩ።

ዝናቡ ሲበረታ አባቴ ደውሎ ለቅዳሜ ነይ አለኝ። በዋዜማው በአይሱዙ ሸኮ ገባሁ። በእኛ ዘንድ ድንበር የሚሆነው ቅጠሉ የረዘመ፣ ግንዱ ተቆርጦ ሲተከል የሚጸድቅ ተክል ነው፤ አንዴ ከጸደቀ የሚነቅለው የለም። የሰፈር ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ነበር። አጎቴ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አባቴ ተከለ። ሲደክማቸው ተቀያየሩ። ፍርድ ቤት የሚል ቃል ማንም አላነሳም።

ዋንዛው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አያቴ በመጀመሪያ ከተከላቸው መካከል ሦስት ያረጁ የቡና ዛፎች በትክክል መስመሩ ላይ ነበሩ። እኔ መስመሩን ላጥፈው እችላለሁ አልኩ።

"አይታጠፍም" አለ አጎቴ። "እንደ ለካሽው ይሂድ።"

"ታዲያ እነዚህን ማን ይለቅማል?" አለ አንድ ሽማግሌ።

አባቴና አጎቴ ተያዩ። "ቀያሿ ትልቀማቸው" አለ አጎቴ። "ዋጋ አልከፈልናትም።"

"ለቅማ ለኛ ታምጣ እንጂ" አለ አባቴ።

"አንተ እንዲህ ነህ። ሰጥተህ ትወስዳለህ።"

ሽማግሌው ጸለየና ሁላችንም አሜን አልን። ሦስቱን ዛፎች በድንበሩ ተክል ረድፍ መሐል አስገብተው የመጨረሻውን ተክል ወንዙ ዳር ተከሉ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አባቴ ወደ ለመደው ወደ ቀኝ ሲሄድ አጎቴ ከግራ በኩል መጽሐፍ ቅዱሱን ከጎኑ አንስቶ ቦታ ለቀቀለት። አባቴ ዞሮ ሄዶ ተቀመጠ።

የቡናው ነገር ያለቀው ግን በዋዜማው፣ የመጨረሻው ተክል በተተከለበት ቀን ነው፤ ቅዳሜ ሰኔ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.።